ዛፎቹን ከመሸጣችን በፊት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ትምህርት ቤቱን አላየሁትም። ከእንጅባራ ተነስቼ በዘንገና ሐይቅ በኩል በእግር ስደርስ ጉም ወርዶ ነበር። የልጆች ድምፅ ይሰማኛል፣ ልጆቹ ግን አይታዩኝም። ድምፁን ተከትዬ ስሄድ እጄ የክፍል ግድግዳ ነካ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው «ደርሰሻል፣ ግቢ» አለኝ። ርዕሰ መምህሩ ነበሩ።

ያደግኩት ዳንግላ ከተማ ነው፤ የአካባቢውን ቋንቋ አዊኛን አልችልም ነበር። የተመደብኩት አማርኛ ለማስተማር ስለሆነ ብዙም አላሳሰበኝም። ክፍል ውስጥ እንዳሰብኩት ተወጣሁት። ያልተወጣሁት የወላጆችን ስብሰባ ነው።

በመጀመሪያው ወር ወላጆች ተጠሩ። እነሱ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፣ እኛ ከጠረጴዛ ኋላ። ርዕሰ መምህሩ ለክፍል ጥገና መዋጮ እንደሚያስፈልግ በአማርኛ አስረዱና አስተያየት ያለው ካለ ብለው ጠየቁ። እጁን ያወጣ የለም። ተስማምተናል ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ተበተንን።

ወደ ቤቴ ስመለስ ከወላጆቹ ኋላ ኋላ እሄድ ነበር። ሣሩ ላይ ዝም ብለው የቆዩት ሰዎች መንገዱ ላይ ሌላ ሰው ሆነዋል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ይከራከራሉ፣ ቆም ብለው ወደ ትምህርት ቤቱ በዱላቸው ያመለክታሉ፣ ይስቃሉ። አንድም ቃል አልገባኝም። እውነተኛው ስብሰባ ገና መጀመሩ እንደሆነ ግን ገባኝ፤ ከእኛ ወገን ደግሞ ማንም አልነበረበትም።

አዊኛ የተማርኩት እዚያ መንገድ ላይ ነው። ማልጄ ስወጣ ከብት የሚነዱ፣ ድንች የጫኑ፣ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ አብሬ እሄዳለሁ። ሐይቁ ከጉሙ ሥር ተኝቶ አይታይም፣ ወፎቹ ብቻ ይሰማሉ። የሰዎቹም ወሬ እንደዚያው ነበር፤ ዜማው ቀድሞ መጣ፣ ትርጉሙ ዘግይቶ ተከተለ። ገና መናገር ሳልችል በሕልሜ እሰማው ጀመር። ከሕልሜ ነቅቼ አንዲት ቃል አፌ ላይ የማገኝበት ቀን ነበር። ያችን ቃል ይዤ ወጥቼ መንገድ ላይ እሞክራታለሁ፤ ሰዎቹም እየሳቁ ያርሙኛል።

ዓመታት አለፉ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንኩ። የወላጆች ተሳትፎ የእኔ ሥራ ሆነ። ርዕሰ መምህሩም ተቀይረው መምህር ደሳለኝ የሚባል ወጣት፣ ታታሪ ሰው መጣልን።

በእሱ ጊዜ ኃይለኛ ነፋስ የአንደኛ ክፍልን ጣሪያ ወሰደው። ትምህርት ቤቱ ከክፍሎቹ በታች ባለው ተዳፋት ላይ ለውስጥ ገቢ ብሎ ያስተከለው ዲከረንስ ነበረው፤ ቢጫ አበባ የሚያወጣው፣ ለከሰል የሚሆነው ዛፍ ነው። ዛፎቹ ደርሰው ነበር። ከዳንግላ አቶ ኑሩ የሚባሉ የከሰል ነጋዴ መጥተው አዩና ሁሉንም በቁማቸው ልግዛ አሉ። ያቀረቡት ዋጋ ጣሪያውን ይመልሳል። መምህር ደሳለኝ በደስታ ሊፈርም ተነሳ።

ወላጆችን እንጠይቅ አልኩት።

«ጠይቀናል እኮ መምህርት። ባለፈው ስብሰባ ላይ የተቃወመ ሰው አይተዋል?»

«አላየሁም። የደገፈም አላየሁም።»

ክረምቱ መቃረቡን፣ ሕፃናቱ ዝናብ ላይ ቢቀመጡ ማንም ወላጅ እንደማያመሰግነን ነገረኝ። እውነቱን ነበር። ነጋዴው እስኪመለሱ ድረስ ብቻ እንዲታገሠኝ ለመንኩት፤ ቅር እያለው እሺ አለ።

ጠረጴዛ አላወጣሁም። የወላጅና የመምህራን ህብረቱ ሰብሳቢ አቶ ፈንታሁን በየመንደሩ እንዲህ ብለው አስነገሩልኝ፦ ኑና ዛፎቹን አብረን እንያቸው። ከጠበቅኩት በላይ ሰው መጣ። ተያይዘን ወደ ተዳፋቱ ገባን። አበባው ረግፎ መሬቱ ቢጫ ሆኗል፣ የእግራችን ኮቴ አይሰማም። ብርሃኑ በቅጠሉ መሐል በወንፊት እንዳለፈ ዱቄት ይወርዳል። ሰዉ ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የምናወራው በአዊኛ ነው።

መጀመሪያ ስለ እንጨቱ አወሩ፤ የትኛው ለማገር፣ የትኛው ለከሰል እንደሚሆን። እኔ አብሬ ከመሄድ በቀር ምንም አላልኩም። ከተዳፋቱ ግርጌ ስንደርስ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቆሙ። ልጃቸው ጣሪያው ከተወሰደበት ክፍል ተማሪዎች አንዷ ናት።

«እዚህ ምንጭ ነበር» አሉ።

ሙሽራ ሆነው የመጡ ጊዜ ውሃ የሚቀዱት ከዚያ እንደነበር ነገሩን። ዛፎቹ ሲያድጉ ምንጯ ቀጠነች፣ ኋላም ጠፋች። አሁን ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው እስከ ታችኛው ወንዝ ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ሳይነግሩን ቀሩ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስትጠሩን ስለ መዋጮው ትነግሩናላችሁ። ስለ ውሃው ማን ጠየቀን?»

የተናገሩት በቁጣ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሌላውም መናገር ጀመረ። አቶ ፈንታሁን ምንጯን ያጠፋት ዛፉ ሳይሆን የዝናቡ ማነስ ነው ብለው ተከራከሩ። አንዳንዱ ዛፉ ሁሉ ይነቀል አለ፤ ሌላው ጣሪያውስ አለ። ዛፎቹ መሐል ቆመን ጥላው እስኪረዝም ተነጋገርን። በመጨረሻ ግርጌው ላይ ያለው ሁሉ ከነሥሩ እንዲነቀልና ዳግም እንዳይተከልበት፣ የላይኛው ለነፋስ መከለያ እንዲቀር ተስማሙ። ከሰሉን ራሳቸው ወላጆቹ ሊያከስሉ ወሰኑ፤ ሽያጩ ለጣሪያው ይሆናል።

አቶ ኑሩ ሲመለሱ የወላጆቹን ውሳኔ በጣም ፈርቼ ነገርኳቸው። ሻይ እየጠጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሰው ያልተስማማበትን ዛፍ ባስቆርጥ ሠራተኞቼ ሰላም አያገኙም» አሉ። «ከሰላችሁ ሲደርስ ጥሩኝ፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

መምህር ደሳለኝ ግን እንደ እሳቸው አልቀለለውም። እንደፈራው ዝናቡ ቀደመን። አንደኛ ክፍሎች ትምህርት እስኪዘጋ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተጣበው ተማሩ። ወላጆችም አጉረመረሙ፤ ዘገያችሁ፣ ልጆቻችን ተጨናነቁ እያሉ እየተፈራረቁ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ከዚያ በፊት ለቅሬታ ብሎ ቢሮዬን ያንኳኳ ወላጅ አልነበረም። ወንበር እየሰጠሁ አዳመጥኳቸው። ጥፋተኛ ነሽ ያሉኝንም በር ድረስ ሸኘኋቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ከሰል ማክሰል ተጀመረ። አፈር የለበሰው እንጨት ከውስጥ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ጭሱ ከጠዋቱ ጉም ጋር ተቀላቅሎ የቱ ጭስ የቱ ጉም እንደሆነ አይለይም። ወላጆቹ በተራ ይጠብቁ ነበር። ሳስተምር በመስኮቱ ሳያቸው በደመና ውስጥ የሚሠሩ ይመስሉኛል። አቶ ኑሩም ቃላቸውን ጠብቀው መጡ፣ ጫኑ። ቆርቆሮው ተገዛ፣ ማገሩን ወላጆች አመጡ፣ ምስማሩንም እነሱው መቱ። ያን ቀን መምህር ደሳለኝ መሰላል ሲይዝላቸው ዋለ። ማታ አብረን ስንወርድ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ከመጻፋችን በፊት ሰዉን ይዘን ቦታው ድረስ እንሂድ አለኝ።

ምንጯ እኔ ጡረታ እስክወጣ አልተመለሰችም። ባለፈው ወር ወይዘሮ ጥሩወርቅን ገበያ ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። አፈሩ በበጋም ይርሳል፣ ውሃ ግን ገና ነው አሉኝ።

ከወላጅ ገንዘብ ወይም ጉልበት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ዕቅዱን ሳይጨርስ ይጠይቅ። የሚያገኘው መልስ ሥራውን ሊያዘገይበት ይችላል፤ ያም ሆኖ ይጠይቅ።