የሚሊሜትር ይሉኝታ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ግን በስሙ አይጠራውም፤ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ሱሪ አንዲት ክር ታህል ከረዘመችበት ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ደግሞ ይሉኝታው! ደንበኛ ፊት ማስነጠስ እንኳ ነውር ይመስለዋል፤ ጓዳ ገብቶ አስነጥሶ፣ መሀረቡን አጥፎ ነው የሚመለሰው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ሆዱን እንዳመመው የማውቀው ፊቱ ሲጠቁር ብቻ ነው። «ጨጓራ ናት፣ ታልፋለች» ይላል። ታልፍም ነበር።

ባለፈው ግን አላለፈችም። ጠዋት ኮት እየለካ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለ። ሆዱ ተነፋ፣ የቀመሰውን ሁሉ አስመለሰው። ሆስፒታል ወስደነው ራጅ ሲያነሱት አንጀቱ ተዘግቷል ተባለ።

ቀዶ ሐኪሟ ልጃችንን የምታክል ሴት ናት። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ አስረዳችን። «ሆድዎ ውስጥ ባለው ስስ ሽፋን ላይ አብሮዎት የተወለደ ክፍተት አለ። አንጀትዎ በዚያ ሾልኮ ገብቶ ታንቋል። ከውጭ ስለማያብጥ አይታወቅም፤ ብዙ ሰው ላይም አይገኝም።»

«ገባኝ፣» አለ ሚሊሜትር እያቃሰተ፣ «ኪስ ተተርትሮ ሳንቲም ገበሩ ውስጥ እንደሚገባው ነው።»

«በትክክል! ሆድዎን በሰፊው ሳልቀድ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቼ አንጀቱን አወጣና ክፍተቱን እሰፋዋለሁ።»

«ቀዳዳው ስንት ሚሊሜትር ነው?» አይላት መሰላችሁ! እኔ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳለች፣ እሱ ይለካል።

«ትልቁ አሥር» አለችው። ደስ አለው መሰለኝ፣ ፈረመ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች። «አንጀቱ ጠቁሮ ነበር፤ ስናስለቅቀው ቀላ። ምንም አልቆረጥንም» አለችኝ። እልል ልል ቃጣኝ። «ግን ገና ነው። መሥራቱን የምናውቀው ጋዝ ሲወጣለት ነው። እስከዚያ ምግብ አይቀምስም።»

ከዚያማ ጥበቃ ሆነ። ነርሷ ጠዋት ማታ ትመጣለች። «ጋሼ፣ ጋዝ ወጣልዎት?» እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ «አይ።» አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሄ ነገር እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ!

በአራተኛው ቀን የሐኪሟ ፊት ልክ አልነበረም። «ሆድዎ ለስላሳ ነው፣ ድምፁም ደህና ነው። ግን ጋዝ ካልወጣ ላምነው አልችልም። ከሰዓት በኋላ ደግመን ራጅ እናነሳዎትና፣ ካስፈለገ ተመልሰን እንገባለን» ብላ ወጣች።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ሁለተኛ ቢከፍቱህ ትችለዋለህ? ለማን ልትተወኝ ነው?» አልኩት። ያኔ እጄን ሳብ አድርጎ ጆሮዬ ሥር፣ «ወጥቷል እኮ» አለኝ።

«ምኑ?»

«እሱ ነዋ። ከመጀመሪያው ቀን ማታ ጀምሮ። ታዲያ ለዚያች ልጅ ምን ብዬ ልንገራት?»

ወይ ጉድ! ሦስት ቀን ሙሉ በረሃብ! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ። ብድግ ብዬ ወጣሁና፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እያየኝ፣ «ዶክተር! ዶክተር! ባሌ ፈስቷል! ከጀመረ ሦስት ቀኑ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ዶክተሯ ግድግዳውን ተደግፋ እስኪበቃት ሳቀች። ገብታ ሆዱን ደግማ ዳሰሰችውና፣ «ሾርባ ይምጣለት» አለች።

እሷ ስትወጣ ሚሊሜትር አንሶላውን እስከ ግንባሩ ስቦ ተሸፈነ። ገለጥኩት።

«አዋረድሽኝ» አለኝ።

«እንኳን አዋረድኩህ!» አልኩት። «ብቻ ኑርልኝ።»