በሰማያዊ የሚጻፈው ስም

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር ባለው ቤታችን ከራት በፊት ያለው ሰዓት የአያቴ ነበር። እሳት ዳር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፍሙን በእንጨት ጫፍ እየቆሰቆሱ ተረት ይጀምራሉ፤ እኔ ፋኖሱን ወደ ደብተሬ አስጠግቼ የሚሉትን እጽፋለሁ። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና እየፋቁ፣ ቀለም እየበጠበጡ ዳዊት ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ ግን ዐይናቸው ሞራ እየለበሰ ሥራውን ከተዉት ከርመዋል።

የምጽፈው ለእናቴ ነበር። እናቴ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከዚያ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ይዛልኝ በመጣችው ጥቅል ውስጥ ቀለም የሚሞላበት ብዕርና አራት ትናንሽ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ቀይ። አባባ የሚያወሩትን በየቀኑ ጻፊልኝ፣ ስመለስ አነበዋለሁ የሚል ወረቀትም ነበረበት። መቼ እንደምትመለስ አልጻፈችም። ጻፊልኝ ያለችው ስትመለስ አባቷን በሕይወት እንዳታጣቸው ፈርታ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አያቴ እሺ አሉ፤ ግን በጸሐፊ ደንብ ነው። እሳቸው አይተው ያላረሙት ገጽ የእሳቸው ቃል አይደለም። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ይዘው በራፍ ላይ ይወጡና ፀሐዩ ላይ ፊደል በፊደል እያነበቡ የዘለልሁትን በጥፍራቸው ያሳዩኛል። እኔም በየቀኑ ቀለም እየቀያየርሁ እጽፋለሁ። ሰማያዊው በርካሽ ወረቀቴ ላይ ይንሰራፋል። አረንጓዴው እርጥብ ሳለ ያምርና ሲደርቅ ይፈዛል። ሐምራዊው ጣቴ ላይ ሳምንት ይከርማል። በቅሎ ስለጠፋችበት የእብናት ነጋዴ በአረንጓዴ ጻፍሁ፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊታጠብ ስለሄደው ጅብ በሰማያዊ።

አንድ ጠዋት የጅቡን ገጽ ብዙ አገላብጠው አዩና ደህና ነው ብለው መለሱልኝ። እኔ ግን አንድ መሥመር ሙሉ መዝለሌን አውቅ ነበር። ሰማያዊው አልታያቸው ይሆናል ብዬ በማግስቱ በሐምራዊ ጻፍሁ፤ እሱንም ደህና ነው አሉ። አረንጓዴውን ሳሳያቸው ደብተሩን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ዐይኔ ያላየውን የእኔ ነው አልልም፣ ልጄ» አሉ። «ይብቃን።»

ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ደብተሩ ገና ግማሽ ነው፤ እናቴ መጥታ ባዶ ወረቀት ስትገልጥ እየታየኝ አለቀስሁ። ከዚያ ያልሞከርሁት ቀይ ትዝ አለኝ። የጅቡን ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጎላ ጎላ አድርጌ በቀይ ገለበጥሁና ጠዋት ሰጠኋቸው።

አነበቡት። ጣታቸው መሥመሩን ተከትሎ ሲሄድ እያየሁ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። በአያቴ ተረት ጭንቅ የያዘው ሁሉ፣ ሰውም ይሁን አውሬ፣ ማርያምን ይጠራል፤ ጣታቸው እዚያ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። በቁም ጸሐፊ ሥራ ቀይ ቀለም የአምላክ፣ የማርያምና የቅዱሳን ስም ነው፤ ሌላው በጥቁር ይጻፋል። ይህን እኔም አሳምሬ አውቅ ነበር።

«ጅቡንም ከእሷ እኩል አደረግሽው» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን ደብተሩን እሳቸው ዘንድ አቆዩት። በሦስተኛው ምሽት እሳት ዳር ጠሩኝ።

«በቀዩ ጻፊ» አሉ። «የእሷን ስም ግን በሰማያዊው።»

«ሰማያዊው እኮ አይታይዎትም፣ አባባ።»

«እኔ ባላያት እሷ ታየኛለች።»

ከዚያ ጸሐፊዎች እንደሚያደርጉት፣ ለስሙ ክፍት ቦታ እየተውሁ ተረቱን በቀይ እንድጨርስ፣ በኋላም ብዕሩን አጥቤ ቦታውን በሰማያዊ እንድሞላ አስተማሩኝ። ጠዋት ሲያነብቡ ቀዩን ተከትለው ይመጡና ስሙ ያለበት ቦታ፣ ለእሳቸው ነጭ ወረቀት ብቻ የሚታያቸው ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሣሉ። ከዚያ ይቀጥላሉ። እንዲያ እያልን ክረምቱን ገፋን።

የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ሰማያዊው አለቀ። ውኃ ጨምሬ አብቃቃሁት፤ እሱም አለቀ። ደብረ ታቦር ገበያ እንዲያ ያለ ቀለም ጠይቄ አጣሁ። አያቴ ያኔ ሳል ጠንቶባቸው፣ አንዷን ተረት ለመጨረስ ሦስት ጊዜ የሚያርፉበት ጊዜ ነበር፤ ብነግራቸው እንደሚያቆሙ አውቅ ነበር። አልነገርኋቸውም። ቦታውን ክፍት ትቼ ደብተሩን ሰጠኋቸው። ጣታቸው ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ በኀፍረት መሬት መሬቱን አይ ነበር። እስከ ደብተሩ መጨረሻ እንዲሁ አደረግሁ።

እናቴ የተመለሰችው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ደብተሩን በአንድ ቀን አንብባ ጨረሰችና ክፍት ቦታዎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። አልወቀሰችኝም፤ ገጹን መልሳ ገልጣ ብዙ ቆየችበት።

ከተረቶቹ ብዙዎቹን ዛሬ ሳላነብ መናገር አልችልም። ሥራ ከያዝሁ ወዲህ ሰማያዊ ቀለም ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም፤ ደብተሩን አውጥቼ፣ ብዕሩን ሞልቼ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። አያቴ እጅ በነሡበት ባዶ ቦታ ላይ ግን ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም።