ከሰደፉ የተቆረጠችው እንጨት

ልጅ ሳለሁ የአባባ መርሻ ተረት በሙሉ የኔ ነበር። ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ የወሰድኩት። አባባ የእናቴ አጎት ናቸው፤ ሳክሲ በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ እኛ ቤት፣ ከጋራዡ ጎን ያለችውን ክፍል ይዘው ይኖሩ ነበር። በሥራ ቀን ግሬፕቫይን ካለ ሆቴል ወደ ኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ፤ ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ግን ጓሯችን ውስጥ ያለችውን የብረት ማንደጃ በደረቅ እንጨት ይለኩሱና ወንበራቸውን ስበው ይቀመጣሉ። እኔ ከጎናቸው የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሳጥናችን፣ ኩለሩ ላይ ጉብ እላለሁ። ጭሱ ወደኔ ቢዞር፣ ዓይኔ ቢያነባ፣ አልነሳም። ከተነሳሁ ሌላ ሰው ይቀመጥበታላ!

«ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የምለው ያኔ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባባ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ስለነበሩ፣ ተረታቸው ውስጥ የሚገባ አውሬ ሁሉ አንድ ቀን ጠመንጃ ላይ መውደቁ አይቀርም። ከሁሉ የምወደው የጦጣዋን ነበር። ጦጣ አዳኝ ረስቶት የሄደውን ጠመንጃ ታገኝና፣ ነጎድጓዱ የት እንደሚያድር ለማየት በአፈሙዙ ቀዳዳ ልታጮልቅ ጎንበስ ትላለች። አባባ እዚህ ሲደርሱ ዝም ብለው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ፤ ብልጭታው ሽቅብ ሲበተን እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ኤሊ ከኋላዋ ትደርስና «እመት ጦጣ፣ ነጎድጓድ በሩን ሲከፍት እንግዳ አይመርጥም» ትላታለች። አፈሙዝ ወደ ሰው እንደማይዞር፣ ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃም እንደማይታመን የተማርኩት ከዚያች ኤሊ ነው።

በኋላ ናሆም መጣ። ናሆም የአክስቴ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ፕሌኖ ነው። እኔ አሥራ ሁለት፣ እሱ ስምንት ዓመታችን ነበር። አክስቴ ነርስ ናት፤ የቅዳሜ ሺፍት ስለያዘች መኪናዋን ደጃችን ፓርክ አድርጋ እሱን አውርዳ ትሄዳለች። አማርኛው «ውሃ»፣ «እምቢ» እና «ዶሮ ወጥ» ብቻ ነበር። ሶ፣ አባባ ለእሱ ሲሉ ተረቱን በየመሀሉ ያቆማሉ። «ዘ መንኪ… ሉክ… ኢን ዘ ሆል» ይላሉ በዚያ በኤርፖርት እንግሊዝኛቸው፤ እሱ ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ተረቴ እንደ ቆየ ሻይ ይቀዘቅዛል። ይባስ ብለው አንድ ቀን «ጠጋ በይለት እንጂ፣ ኩለሩ ለሁለት ይበቃል» አሉኝ።

ቀናሁ። ምን አሳምሬ እናገረዋለሁ? እህል አልወርድልሽ እስኪለኝ ቀናሁ።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል አባባ ሁለታችንንም ተኩስ ሊያስተምሩን ወሰኑ። «እዚህ አገር ጠመንጃ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ከማንም ከሚማሩት ከኔ ይማሩ» አሏት እናቴን። የሥራ ባልደረባቸው ከዋይሊ ወዲያ ሰፊ መሬት ነበረው፤ ዒላማው ጀርባ ጥይት የሚቀበል የአፈር ክምር ያለበት። የቀረው ጠመንጃውን መምረጥ ነበር፤ ስለ እሱማ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እሳት ዳር ተወራ። አባባ የፈለጉት ትዌንቲ ቱ የሚሏትን ነበር፤ ጥይቷ ትንሽ፣ ትከሻ የማትደቃ፣ ልጅ የማታስደነግጥ። ደግሞም አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ ትሁን አሉ። «አንድ ጥይት ያለው ልጅ ያስባል። አሥር ያለው ይረጫል።»

ከዚያ ሲባጎ አወጡና ክንዳችንን ለኩ። ክንድ አጥፎ፣ ከክርኑ እጥፋት እስከ ጠቋሚ ጣት ነው የሚለካው፤ ሰደፉ እጥፋቱ ላይ ሲያርፍ ጣት ቃታው ጋ መድረስ አለበት። በአንድ ሲባጎ ላይ ለናሆም አንድ ቋጠሮ፣ ራቅ ብሎ ለኔ አንድ ቋጠሮ አሰሩ።

«የምገዛው በናሆም ልክ ነው» አሉ።

«ለምን በሱ? ትልቋ እኔ አይደለሁ እንዴ!»

«ለዚያ ነዋ። ትልቅ ይታጠፋል፤ ትንሽ ግን አይጎተትም።»

ፌር አይደለም! ተረቴን ወሰደ፣ ኩለሬን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ጠመንጃው በእሱ ክንድ ሊሠፈር ነው። ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ጋራዥ ገባሁ። ሲባጎው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የናሆምን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁና ሦስት ጣት ያህል ወደኔ ቋጠሮ አስጠግቼ መልሼ አሰርኩት። ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አላመነታሁም፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

አባባ ማክሰኞ ጠዋት ሲባጎውን ኪሳቸው ከተው ወጡና ከሥራ መልስ ጠመንጃዋን ገዙ። ያገለገለች ነበረች፤ ሰደፏ ጥቁር ቡና የመሰለ እንጨት፣ ዘይት ዘይት የምትሸት። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው እስከ ቅዳሜ አላስነኩንም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ወደ ባልደረባቸው መሬት ሄድን፤ እናቴ፣ ለዚያ ቀን ፈቃድ የወሰደችው አክስቴ፣ ባሏም ጭምር። መጀመሪያ ናሆም ያዘ። ሰደፉ ትከሻው ላይ አልገጥም ብሎ በብብቱ ሥር ሾለከ፤ ቃታውን ለመድረስ ሲንጠራራ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ አፈሙዙ ሰማይ ሰማይ አየ። ጥይት አልጎረሰችም፤ አባባ ሳያዩ አያጎርሱም።

«አባባ፣ ቱ ሎንግ ነው» አለ።

«እንዲህ ተይዞ አይተኮስም» አሉና ቀስ ብለው ተቀበሉት። ለኔ ሰጡኝ። ልኬ ነበረች! አምስት ጊዜ ተኮስኩ፤ ሦስት ቆርቆሮ ጣልኩ። ዞር ስል የሚያየኝ የለም። ናሆም እናቱ ጉያ ገብቶ ያለቅሳል፤ አባባ ደግሞ ሲባጎውን ከኪሳቸው አውጥተው ቋጠሮውን ትክ ብለው ያያሉ። ብዙ አዩት። ከዚያ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ክንድ መለካት እንኳ አቃተኝ።»

«ውይ አባባ፣ አረጁ ማለት ነው!» ብላ እናቴ ሳቀች። የአክስቴ ባል ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ «ግድ የለም አባባ፣ ኦኬ ነው። ፕሌኖ ለልጆች ክላስ አለ፣ እዚያ ሬጂስተር አደርገዋለሁ» አላቸው። የስንቱን መሣሪያ በእጃቸው ያቀኑ ሰውዬ ፈገግ ብለው ተቀበሉት።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ አክስቴ ናሆምን ይዛው ሄዳ ነበር። አባባ እሳቱን ለኮሱ፤ እኔ ኩለሩ ላይ ብቻዬን፣ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የፈለግኩት ይኸው አልነበር? «ተረት ተረት» እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም። «ዛሬ ደከመኝ ልጄ» ብለው ገና ነበልባሉ ሳይወርድ ገቡ። እኔም ጭሱን ብቻዬን ስጠጣው አመሸሁ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን አባባ ጋራዥ ጠሩኝ። ጠመንጃዋን ፈታትተው እንጨቷን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስረዋታል። መጋዝ ይዘዋል።

«ያዢልኝ» አሉ። ያዝኩ። ሳይቸኩሉ መገዟት፤ የእንጨቱ ብናኝ እጄ ላይ ይረግፋል። በመጨረሻ ቁራጯ ጠብ አለች። ሦስት ጣት ታህል ነበር። አባባ ሲባጎውን ከኪሳቸው አወጡና አጠገቧ አስቀመጡት። የሳቸው ቋጠሮ ድፍን፣ ክብ፣ የወታደር ቋጠሮ ነው። የናሆም የተባለው ግን እንደ ጫማ ማሰሪያ ሁለት ጆሮ አለው። ዓይናቸው ከሲባጎው ወርዶ የጫማዬ ማሰሪያ ላይ ዐረፈ።

ጉድ ፈላ! አንገቴን ደፋሁ፤ እንባዬ ብናኙ ላይ ተንጠባጠበ።

«ትናንት አውቀው ነበር?» አልኳቸው።

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዓይኔ ደክሟል አሉ?»

«እኔን አረጀ ቢሉኝ እውነት ነው፤ ያልፋል። አንቺን ምቀኛ ቢሉሽ ግን ስም ሆኖ ይቀራል።» ቁራጯን በሸሚዛቸው ጠርገው እጄ ላይ አኖሯት። «እንኪ። ይቺ የጨመርሻት ናት፤ ያንቺ ናት። እንዳትጥያት። ልጁ ያድጋል፤ ያን ጊዜ አንቺው ታመጫታለሽ።»

እንዲህ ያለ ፍርድ! ቢገርፉኝ በተሻለኝ። የቀናሁበት ልጅ እንዲያድግ ጠባቂ አደረጉኝ።

ናሆም በዚያችው በተቆረጠችው ተማረ፤ ክላሱም ቀረ፤ ቅዳሜያችንም ተመለሰ። እኔም አጠር ባለችው ጠመንጃ ላይ ታጥፌ ተኮስኩ፤ ትልቅ ይታጠፋል እንዳሉት። ግን ቅናት በአንድ ቀን እንባ ይለቃል ያለው ማነው? ልጁ ከኔ የተሻለ ተኳሽ ወጣው! ቁራጯን ካልሲ መሳቢያዬ ውስጥ ቀበርኳት። በየሳምንቱ ክንዱን በዓይኔ እለካለሁ፤ ሲያድግ አያለሁ፤ ዝም እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ጠመንጃዋ አጠረችው። ሲተኩስ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ትነካው ጀመር፤ ሁሉም ይስቃል። አባባ አይስቁም፤ አይጠይቁኝም። አንድ በጋ ሙሉ ዝም አልኩ። አንድ በጋ!

በመስከረም አንድ ቅዳሜ አባባ የጦጣዋን ተረት ሲያወሩ ኤሊዋ ጋ ደርሰው ቆሙ። እንደ ወትሮው መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ፍሙን ቆሰቆሱ፤ እንደገና ቆሰቆሱ፤ ግንባራቸው ተኮማተረ። ጠፍቷቸው ነበር። አሁን እውነትም አርጅተዋል። እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ድንጋጤው አፌን ያዘው። ያን ጊዜ ናሆም፣ በዚያ በፕሌኖ አማርኛው፣ «እመት ጦጣ… ነጎድጓድ በሩን ሲከፍት… እንግዳ አይመርጥም» አለ።

አባባ ፊታቸው በራ። የኔ ኤሊ ነበረቻ! ከኩለሩ ተነስቼ እግሬን እየመታሁ ገባሁ፤ ልተኛ ነበር። መኝታዬ ላይ ተቀምጬ ግን አንድ ነገር አሰብኩ፤ ያቺ ተረት በኔ ብቻ ተይዛ ቢሆን ኖሮ አሁን እዚያ ፍም ላይ ቀርታ ነበር። እኔ ዝም አልኩ፤ እሱ ተናገረ። መሳቢያውን ከፈትኩ።

ቁራጯን አምጥቼ አባባ ጉልበት ላይ አኖርኳት። ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ከቁልፉ ጋር ከታሰረች ትንሽ የቆዳ ከረጢት ውስጥ ቁራጯን መልሰው የሚያያይዙባቸውን ሁለት ረጃጅም ብሎን ዘረገፉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ኤርፖርትና ሆቴል፣ ሆቴልና ኤርፖርት ይዘዋቸው ሲዞሩ ኖረዋል።

«ቆየሽ» አሉኝ።

አባባ ዛሬ የሉም። ጠመንጃዋ እኔ ጋ ናት፤ ሰደፏ ላይ የመገጣጠሚያው መስመር እስከ ቅርብ ጊዜ ይታይ ነበር። ዘንድሮ ልጄ ሰባት ዓመት ሞላት። የክንዷን ልክ በሲባጎ ወሰድኩና፣ ናሆም ከፕሌኖ መጥቶ ብሎኖቹን ፈታልኝ። ቁራጯ እጁ ላይ ስትቀር ሊመልስልኝ ዘረጋት። «አንተ ጋ ትሁን፤ ስታድግ ታመጣላታለህ» አልኩት። ቋጠሮውን እንዳዞርኩበት ያን ዕለት ነው የነገርኩት፤ እስኪያነባ ሳቀብኝ።

አመሻሹ ላይ እሳት አነደድን። ልጄ የተቆረጠውን የሰደፏን ጫፍ በጣቷ እየዳሰሰች «ማሚ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?» አለችኝ። ጎሮሮዬን ጠርጌ «ተረት ተረት» አልኩ። እሷ መልሱን አታውቀውም ነበር። ናሆም ከእሳቱ ማዶ «የላም በረት!» ብሎ ጮኸ፤ ልጄ ከጎኔ ተነስታ ሄዳ እሱ አጠገብ ተቀመጠች።

ምን እዋሻለሁ? ቀናሁ። ቀናሁና፣ ጭሱ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ተረቱን ጀመርኩላቸው።