እናቴ ክኒኗን የዋጠችበት ቀን

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መሠረት እባላለሁ። ብዙዎቻችሁ በመልክ እንጂ በድምፅ አታውቁኝም፤ ከኋላ በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። በቃሌ ልናገር ብል እንደማለቅስ ስለማውቅ ጽፌዋለሁ። እያነበብኩ እመሰክራለሁ፤ ታገሡኝ። ጌታ ይባረክ!

የተወለድኩት አቦቦ አካባቢ በሰፈራ መንደር ነው። የእናቴ ወላጆች ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። አባቴ በልጅነቴ ሞተ፤ እኔም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከእናቴ ጋር ወደ ጋምቤላ ከተማ መጣሁ። እሷ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። እኔ ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ ሻይ እሸጣለሁ።

ያኔ ሰው ቀና ብዬ አላይም ነበር። የባጃጅ ሾፌሮቹ ይቀልዱብኛል። «ይቺ ልጅ ሻይዋ ይናገራል እንጂ እሷ አትናገርም» ይላሉ። አንዱ ደግሞ፣ «ሂሳብ ስንት ነው ስላት በጣቷ ነው የምታሳየኝ፤ ሳይለንት ላይ ናት» ሲል ሁሉም ይስቃሉ። እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞራለሁ። ጢሱ ነው ብለው ያስቡ ነበር እንጂ አንዳንዴ አለቅስ ነበር።

እግዚአብሔር የለም አልልም። ግን የእርሱ ጉዳይ ድምፅ ካላቸው ሰዎች ጋር ይመስለኝ ነበር፤ ጮክ ብለው ከሚጸልዩት፣ ከሚዘምሩት፣ ከተማሩት ጋር። በዓል ሲሆን እናቴን ተከትዬ እሳለማለሁ፣ ሰው ሲሞት አለቅሳለሁ። ሃይማኖቴ ይኸው ነበር።

ወደዚህ ቤት የሳቡኝ ማማ አቻን ናቸው። ትምህርት ቤት ጽዳት ይሠራሉ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ እኔ ጋ ሻይ ይጠጣሉ። ማማ አቻን አኙዋ ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት በሥራ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። አንድ ቀን ብርጭቆውን አስቀመጡና፣

«አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት አለ። ትመጣለህ» አሉኝ።

«ማማ፣ እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።»

«እኔ ምንም ክፍል የለኝም። ትመጣለህ።»

ሄድኩ። እምቢ ለማለትም እኮ ድምፅ ያስፈልጋል!

የአዋቂዎችን ክፍል የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። አዳራሹ በቆርቆሮው ሙቀት ስለማያስቀምጥ ውጭ ማንጎው ሥር ነው የምንማረው። ዘበኛ አለ፣ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ልጅ ያዘለች እናት አለች። ማንበብ የሚችል ያነባል። የማይችለው ያዳምጥና በራሱ አነጋገር መልሶ ይነግረናል። አንዱ በአኙዋ ይናገራል፣ አንዱ በኑዌር፣ ሌላው ይተረጉማል። አንድ ምዕራፍ ቶሎ አያልቅም፤ ሲያልቅ ግን ከሁላችንም ልብ ውስጥ ይገባል።

አንድ ልማድም አለን። ማንም ሰው «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ካለ፣ ከመካከላችን አንዱ «የት ይላል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህ ድፍረት አይደለም። የተጠየቀው ገልጦ ያሳያል፣ አብረን እናነባለን። መምህራችንም አይቀርላቸውም። አንድ ቅዳሜ ወንጌላዊ ኡሞድ ሲያስተምሩን፣ «መጽሐፍ እንደሚል፣ ከሰው ስሕተት ከብረት ዝገት አይጠፋም» አሉ።

ማማ አቻን ወዲያው፣ «የት ይላል?»

ወንጌላዊው መጽሐፈ ምሳሌን ገለጡ። መክብብን ገለጡ። ላባቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ ራሳቸው ሳቁና፣ «ይቅርታ፣ ይሄን የሰማሁት ከአከራዬ ነው» አሉ። እንዴት እንደሳቅን! እኔም ከሰው መካከል ተቀምጬ ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ የማንበብ ተራዬ ደረሰ። ኢሳይያስ ሠላሳ ስምንት ነበር። ቃሉን በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩ። ማንም አላቻኮለኝም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሟል፤ ትሞታለህ ተብሏል። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ይጸልያል፣ ያለቅሳልም። እግዚአብሔርም ጸሎቱን እንደ ሰማ፣ እንባውንም እንዳየ ይነግረዋል። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

ወገኖቼ፣ ፊትን ማዞር እኔ አውቀዋለሁ! ንጉሥ ሆኖ ሳለ ሰው በማያየው በኩል ዞሮ አለቀሰ፤ እግዚአብሔር ግን ያንን እንባ አየ። ታዲያ ወደ ምድጃ ዞራ የምታለቅሰውን ሻይ ሻጭ እንዴት አያያትም?

ወንጌላዊ ኡሞድ፣ «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ።

«እኔንም አይቶኛል» አልኩ። በዚያች ቀን ማንጎው ሥር ጌታ ኢየሱስን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ! ስሙ ይባረክ!

እናቴ ስትሰማ አኮረፈች። «ሻይ ስትሸጪ ያልወጣ ድምፅ ለጴንጤ መዝሙር ወጣልሽ?» አለችኝ። ለሳምንት ያህል አልተነጋገርንም። ያስታረቀን በሽታዋ ነው።

ሳሉ ከጀመራት ቆይቶ ነበር። በርበሬው ነው እያለች ዝም አለች። ማታ ማታ ያልባታል፣ ቀሚሷ ሰፋት። ለምኜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ አክታዋን መረመሩና ቲቢ ነው አሉ። ሲስተር ሂሩት ክኒኑን እያሳየቻት፣ «እማማ፣ ይህ በሽታ ይድናል። ግን መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳያስታጉሉ። ሻል ሲልዎት ዳንኩ ብለው እንዳይተዉት» አለቻት።

እናቴ መዋጥ ጀመረች። በጥቂት ሳምንታት ሳሏ ቀነሰ፣ መብላት ጀመረች፣ ወደ ገበያዋም ተመለሰች። እኔም ጌታን አመሰገንኩ።

ያኔ ነው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ የወሰደቻት። ከሌላ አገር የመጣ ወጣት በኪራይ ቤት ሰው ይሰበስባል፤ ነቢይ ይሉታል። እናቴን እጁን ጭኖ ጸለየላትና፣ «ተፈውሰሻል። ከዛሬ በኋላ ክኒን ብትውጪ ጌታን አልፈወስከኝም ማለትሽ ነው» አላት። እኔን ጴንጤ ሆንሽ ብላ ያኮረፈችው እናቴ እሱን አመነችው። የታመመ ሰው ተስፋ የሰጠውን ሁሉ ያምናል፤ አልፈርድባትም። ክኒኑን በፌስታል ቋጥራ ከአልጋ ሥር አስቀመጠችው።

ሳሉ ተመለሰ። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። «እማዬ፣ እባክሽ ዋጪ» ስላት፣ «ነቢዩ በሽታው እየወጣ ነው ብሎኛል፤ አንቺ ማን ነሽ?» ትለኛለች። እናቴ ከቀጠሮዋ ስትቀር ሲስተር ሂሩት ቤት ድረስ መጣች። «እማማ፣ በሽታው መድኃኒቱን ከለመደው እኛም እጃችን ያጥራል። ስለ ልጅዎ ብለው ይዋጡ» አለቻት። እናቴ ፊቷን አዞረችባት። ውሃ ከቧንቧው ለመቅዳት ስትሄድ መንገድ ላይ መቀመጥ ጀምራ ነበር። አባቴን ቀብሬያለሁ፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ጌታ ሆይ፣ እናቴን አትውሰድብኝ እያልኩ እጸልይ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ነቢዩ ከእትዬ ብርቄና ከሌሎች ሴቶች ጋር ቤታችን መጣ። ጸለዩ፣ «አሜን! አሜን!» አሉ። ከዚያ እናቴን፣ «ጥርጣሬሽ ያለው ክኒኑ ቤትሽ ስላለ ነው። አምጪው፣ ወስደን ባሮ ወንዝ ውስጥ እንወረውረዋለን። ያን ጊዜ ፈውስሽ ይጸናል» አላት።

እናቴ፣ «መሠረት፣ ያንን ፌስታል አምጪ» አለችኝ።

ከአልጋው ሥር አወጣሁት። ልሰጠው እጄን ስዘረጋ እናቴ ሳለች፤ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። ፌስታሉ ከእጄ ከወጣ እናቴም ከእጄ እንደምትወጣ ገባኝ። ደረቴ ላይ ያዝኩት። አፌም ተከፈተ፤

«ይቅርታ ነቢይ፣ የት ይላል?»

«ምን አልሽ?»

«ክኒን የዋጠ ሰው አላመነም የሚለው። የት ነው የሚለው?»

እትዬ ብርቄ ጮኸችብኝ። «ኧረ ጉድ! ጤና ይስጥልኝ ለማለት የምታፍር ልጅ ዛሬ በነቢይ ላይ አፏን ከፈተች!»

እሱ ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስድስት።»

«ይህ በመንፈስ እንጂ በፊደል አይታወቅም።»

ልከራከረው አልቆምኩም፤ እናቴ እንድትሰማኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት። መጽሐፍ ቅዱሴን ከመደርደሪያው አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «እማዬ፣ ትንሽ ላንብብልሽ» አልኳት። ያንኑ የሕዝቅያስን ምዕራፍ ከመጀመሪያው አነበብኩላት። መጨረሻው አካባቢ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በንጉሡ እባጭ ላይ እንዲለጥፉለት ያዛል። እዚያ ላይ ስደርስ እናቴ ቀና አለች።

«ቆይ። በለሱን ለጥፉበት ያለው ሐኪም ነው?»

«ነቢዩ ነው እማዬ። ኢሳይያስ ራሱ።»

«እግዚአብሔር አድንሃለሁ ብሎት የለም እንዴ?»

«ብሎታል።»

«ታዲያ መድኃኒት ሲያስደርግ እምነት የለህም አልተባለም?»

«አልተባለም። ዳነ።»

እናቴ ፊደል አትለይም፤ ስትሰማ ግን ጆሮዋ የሚጥለው ነገር የለም። ወደ ወጣቱ ዞረችና በእርጋታ፣ «ልጄ፣ አንተም እስቲ የሚልበትን አሳየኝ» አለችው።

መጽሐፉን አልገለጠም። «እናቴ፣ ልጅሽን ከሰማሽ የሚደርስብሽን አንቺ ታውቂያለሽ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «መሠረት፣ ውሃ አምጪልኝ።»

ሁሉም እያዩዋት ዋጠችው። ክብር ለጌታ ይሁን! ብርጭቆውን ልቀበላት ስል ግማሹን ውሃ ቀሚሷ ላይ ደፋሁት፤ እሷም፣ «ዋጪ ነው እንጂ ታጠቢ መቼ አልሽኝ» ብላ አሳቀችኝ። እነ እትዬ ብርቄ እያጉረመረሙ ወጡ።

በማግሥቱ ባጃጅ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ሂሩት መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ እናቴን አቅፋ ሳመቻት። አክታዋ እንደገና ተመረመረ። ውጤቱን እስክንሰማ የነበረውን ጭንቀት ጌታ ያውቃል። «አልለመደም! መድኃኒቱ አሁንም ይሠራል» ስትለኝ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። እናቴ ሕክምናውን እንደገና ጀመረች፣ ጨረሰችም። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ፣ «አክታቸው ንጹሕ ነው። ከእንግዲህ እኛ ጋ የሚያመጣቸው ነገር የለም» አለኝ። ሃሌ ሉያ!

አንዳንድ ሰው፣ «መሠረት፣ በክኒን ከዳነች ተአምሩ የቱ ላይ ነው?» ይለኛል። ወገኖቼ፣ እኔን ሁለት ቃል ያናገረኝ ማን ነው? መድኃኒቱን ለሰው ያስተማረው፣ ሲስተር ሂሩትን ታክታ እንዳትተወን ያደረጋት ማን ነው? በለሱንም ያበቀለው እርሱ ነው። እናቴን ያዳነ እግዚአብሔር ነው፤ በፈለገው መንገድ አድኗል።

ዛሬ እኮራለሁ። ቃሉን ለእኔ ዓይነቷ በከፈተው ጌታ እኮራለሁ። ፊደል ሳይቆጥሩ በሚያስተምሩኝ በማማ አቻን፣ ሲጠየቁ በማይቆጡት መምህራችን እኮራለሁ። ያ ወጣትም ጌታ ይርዳው፤ ቅዳሜ ቢመጣ አጠገቤ ቦታ እለቅለታለሁ፣ ከልቤ ነው። እናቴማ አሁን ከእኔ ቀድማ ነው የምትደርሰው። ጌታን ተቀብላለች። የእስራኤልን ነገሥታት የገበያ ጎረቤቶቿ ይመስል ታማቸዋለች፤ «ያ አክዓብ እኮ ሚስቱ ናት ያበላሸችው» ትላለች።

እናንተ ታማችሁ በቤታችሁ የምትጨነቁ፣ ጌታን እመኑት። ጸልዩም፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ። እኔ ተምሬ አልጨረስኩም፣ ድምፅም የለኝም የምትሉ፣ እንባችሁን የሚያይ አምላክ አለ፤ ወደ ቃሉ ቅረቡ፣ አያሳፍራችሁም።

ወረቀቴ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እሱን ሳላነብ እናገራለሁ።

እማዬ፣ ተነሺ። አትፈሪ፣ እኔም ቆሜያለሁ። ወገኖቼ፣ ቧንቧ ድረስ መራመድ ያቃታት ሴት ይህች ናት። ያ ደም የተፋ ሳንባ ዛሬ ትንፋሽ ሞልቶታል። እማዬ፣ እልል በይለት! ጮክ ብለሽ፣ ገበያው ድረስ ይሰማ!