እኛ እያለን

ሰው «እኛ እያለን!» ሲለኝ ጥርሴን መንከስ ከጀመርኩ ቆየሁ። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የምንቀሳቀሰውም በዊልቸር ነው። ስምንተኛ ክፍልን ለፈተና የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ፣ ከሥራዬ ሁሉ የምወደውም እሱን ነበር። ለትልልቆቹ ክፍሎች አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ከቦንጋ አንዲት አርክቴክትና አንድ መሐንዲስ ታብሌት ይዘው መጡ። ታብሌቱን ወደ ባዶው ሜዳ ሲያዞሩት፣ ገና ያልተሠራው ሕንፃ እርጥቡ ሣር ላይ ቆሞ ስክሪኑ ውስጥ ይታያል። ዞር ሲሉ ጎኑ፣ ጠጋ ሲሉ በሩ።

«ያልተመቻችሁ ቦታ ላይ በጣታችሁ ምልክት አድርጉ» አለች አርክቴክቷ። «ዲዛይኑን አብረን ነው የምንጨርሰው።»

ርእሰ መምህራችን መስኮቶቹ ይስፉ አሉ። የስፖርት መምህሩ ጓደኛዬ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት አለ። መስኮቱም በሩም ዓይናችን እያየ እዚያው ተስተካከለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የኔ ተራ ሲደርስ ታብሌቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አየሁ። ቆመው ላዩት በሩ ነበር የታያቸው፤ እኔን የገጠመኝ ደረጃው ነበር። ደረጃው ላይ ቀይ ምልክት አደረግሁና «እዚህ ጋ ራምፕ ይሁን፣ ዊልቸሬ የሚወጣበት» አልኩ።

መሐንዲሱ መሬቱን አየት አደረገ። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ራምፑ ይረዝማል፣ የሰልፉንም ሜዳ ይሻማል አለ። «ይቻላል፣ ግን...» ብሎ ርእሰ መምህሩን ተመለከተ።

እሳቸው ሳቁ። «ምን ራምፕ ያስፈልጋል? እኛ እያለን!»

ጓደኛዬ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየ። «እኔ ብቻዬን ከነወንበሩ አወጣው የለ!»

«ጋሼ፣ ሰው እንዲሸከመኝ አልፈልግም» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከረረ። «ክፍሌ በራሴ መግባት ነው የምፈልገው።»

ሳቁ ቆመ። «ወንድሞችህ አይደለንም እንዴ?» አሉኝ ርእሰ መምህሩ፤ ከልባቸው ነበር ቅር ያላቸው። ለዚህ ምን ይመለሳል? አይደላችሁም አይባል። ዝም ስል እንደተስማማሁ ተቆጠረ፣ አርክቴክቷም ዓይኔን ሳታይ ቀዩን ምልክት አጠፋችው።

ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ «እስቲ ይግቡና ውስጡን ይዩት» አለችኝ። ታብሌቱን ጭኔ ላይ አቁሜ ጎማዬን በሁለት እጄ ገፋሁ። የስክሪን ደረጃ ሰው አያግድም። ደረጃውን አለፍኩ፣ በሩን አለፍኩ፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ለፊቴ መጣ። ተመልሼ መውጣት አስጠላኝ።

«ይኸው ገባህ!» ብለው አጨበጨቡልኝ።

ሕንፃው ሳያልቅ ርእሰ መምህሩ ወደ ደካ ተዛወሩ። ለጓደኛዬም ዝውውር ወደ ቢታ ገነት ደረሰው፤ ሲሰናበተኝ አልቅሷል። ሕንፃው በዚያው በደረጃው አለቀ። የቀሩት መምህራን «እንሸከምህ» አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። ግትር ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ስምንተኛ ክፍል ወደ አዲሱ ሕንፃ ገባ፣ እኔ አሮጌው ክፍል ውስጥ ለታናናሾቹ ቀረሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፄ ስለማይሰማ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እስኪያባራ እጠብቃለሁ።

የኔን ተማሪዎች የተረከበችው ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት መምህርት ናት። በቀደም ሻይ ስንጠጣ ፊቷ እየበራ፣ «መምህር፣ የአዲሱ ክፍል ብርሃን እንዴት ደስ ይላል! ገብተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ» አልኳት። «ሳይሠራ በፊት።»