በሁዳዴ የተበላው እንቁላል

ልጄ በስልኩ የቀረጸውን ወደ ኋላ እያስኬደ፣ የፈሰሰው ሻይ ተመልሶ ብርጭቆው ውስጥ ሲገባ አሳየኝ። «አባባ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። እኔማ ሰቆጣ፣ በአባቴ የጨው መጋዘን ውስጥ፣ ገና በጃንሆይ ዘመን አይቻለሁ።

የጤና ትምህርት መኪና ፊልም ይዞ መጥቶ ነበር። አባቴ መስኮቶቹን በቁርበት ደፈነና ለሽያጭ ካስቀመጠው አቡጀዲ ቀዶ ግድግዳው ላይ ወጠረ። ሰዉ በተደረደረው አሞሌ ላይ ተቀመጠ፤ የነፍስ አባታችን ከፊት፣ በርጩማ ላይ። ሞተሩ ተንደቀደቀ፤ አቡጀዲው ላይ አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ የተቀቀለ እንቁላል ይልጥና ይጎርስ ጀመር።

አባ ዘለው ተነሡ። «በሁዳዴ! በዓይናችን ፊት!»

«አባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ፊልም እኮ ነው» አለ አባቴ።

«ጥርሱ እያኘከ ምኑ ነው ፊልሙ? ሁለተኛ ቤትህን ጠበል አልረጭም!»

ሰዉም ነጠላውን እየሰበሰበ ሊከተላቸው ተነሣ። አባቴ አመድ መሰለ፤ የነፍስ አባቱ ፊታቸውን ያዞሩበትን ነጋዴ ጨው ማን ይገዛል? ይኼኔ የፊልሙ ሠራተኛ አንድ ነገር ጠመዘዘ። እንቁላሉ ከሰውዬው አፍ በየጉርሻው ወጣ፤ ሙሉ ሆነ፤ ቅርፊቱንም እንደ ካባ መልሶ ለበሰ።

አባ በሩ ላይ ቆመው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ንስሐ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። «ልጄ፣ እስከ ፋሲካ ወደ ኋላ ብቻ አሳየን።»

ከዚያ ወዲህ በፊልም ሰው ሲበር፣ ከተማ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ቄስ ከበር የመለሰ ብልሃት ግን እስካሁን አላየሁም።