የመምህር ሰውአገኝ የቤት ሥራ

መምህር ሰውአገኝ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ደጋውን ትቶ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ፀዳ ላይ ትንሽ ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ከሚስቱ ከአባይነሽ ሁለት ልጆች ወልዷል። ታላቁ አለነ ሰሊጥ ይነግዳል፤ ታናሿ ጽጌሬዳ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ሰውየው ቀጥ ያለ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ እንባውን ለሰው የማያሳይ ነበር። ሰፈሩ በዚህ ያውቀዋል፤ እሱም በዚህ ይኮራል።

ፍርሃቱ የጀመረው አለነ ሳንጃ ወርዶ ሳለ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ነው። ልጁ እንደ ወትሮው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሄደ፤ ደርሻለሁ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል ሲባል ሳምንቱ ወር ሆነ፤ በወሩም ላይ ሌላ ወር ተደረበ። መጀመሪያ ሰሞን ሰውአገኝ ልጁ እንደጠፋበት እንደ ማንኛውም አባት ተጨነቀ። ኋላ ግን ጭንቀቱ ከልጁ ተነጥሎ ለብቻው መኖር ጀመረ። ስልክ ሲጮህ ደረቱ ይታፈናል፤ እጁ ይቀዘቅዛል፤ ጆሮው ውስጥ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ይዞርበታል። ስልኩን አንስቶ "ሃሎ" እስኪል ድረስ የልጁን ቀብር አይቶ ይመለሳል። ደዋዩ ግን ሰላምታ የናፈቀው የድሮ ባልደረባ ነው፤ አለዚያም ቁጥር የተሳሳተ ሰው።

ከስልኩ የባሰው በሩ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ ይቆማሉ። ሰውአገኝ ራሱ ስንቱን ቤት እንዲህ ባለ ማለዳ አንኳኩቷል። ስለዚህ ሰማዩ ገና ሲገረጣ ከአልጋው ሳይወርድ የእግር ኮቴ ያዳምጣል። ቅዳሴ ሂያጁም፣ ወተት አመላላሹም፣ በደጁ የሚያልፈው ሁሉ ወደ እሱ የሚመጣ ይመስለዋል። ትንፋሹን የሚለቀው ኮቴው ርቆ ሲጠፋ ነው።

ልቤን ነው ብሎ ሐኪም ቤት ሄደ። ልቡን አዩለት፤ ደሙን መረመሩለት፤ ጤነኛ ነህ ተባለ። ጤነኛ መባሉ አላስደሰተውም። በሽታ ቢገኝ ኖሮ መድኃኒቱን ውጦ ይገላገል ነበር። ጠበልም ተጠመቀ፤ እዚያ ሳለ ሰላም ይሰማዋል፤ ቤቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮሃል። በመጨረሻ ስልኩን በፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተደውሎ ቢሆንስ እያለ ቁም ሣጥኑን ይፈራ ጀመር።

መልመጃውን ያመጣችለት ጽጌሬዳ ናት። ለሥልጠና በሄደችበት ያገኘችው ነው፤ ከፈረንጅ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ደብተር። በየገጹ ጥያቄ አለ፤ ከጥያቄው ሥር ባዶ መስመር። ዛሬ ምን አስፈራህ? ስትፈራ ሰውነትህን ምን ተሰማህ? በእርግጥ የምታውቀው ምንድን ነው? የምትገምተውስ? ጽጌሬዳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲጽፍ፣ ይህ ብቻውን ካልረዳው ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አብራው እንደምትሄድ ነገረችው። እሱም ሸጋ ብሎ ተቀበላት።

ሰንበትበት ብላ ስትጠይቀው ደብተሩን ራሱ አውጥቶ ሰጣት። ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። ሆሄያቱ ታርመዋል፤ ባለቤትና ግሱ ያልተስማማው ዓረፍተ ነገር ተሰምሮበታል፤ የጎደለው አራት ነጥብ ተጨምሯል። አንድ ቦታ ላይማ ዳሩ ላይ "ይህ አማርኛ አይደለም" የሚል ተጽፏል። መልስ ሊጻፍባቸው የተተዉት መስመሮች ግን አንድ ፊደል አልነካቸውም።

ጽጌሬዳ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

"አባዬ፣ ምነው አንዱንም ሳትመልሰው?"

"ተርጓሚው ሰነፍ ነው" አላት። "እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰው እንዴት ይመልሰዋል?"

ጽጌሬዳ በማግስቱ ሌላ ንጹሕ ኮፒ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሰውአገኝ በፈተና ቀን እርሳስ ሲቀርጽ ሰዓቱ የሚያልቅበትን ተማሪ ያውቃል፤ ጥያቄው የከበደው ልጅ ሁሌም እርሳሱ ዶልዱሟል። አሁን ያ ተማሪ እሱ እንደሆነ ገብቶታል፤ ይሁን እንጂ እጁ አልታዘዝ አለው። የሚፈራውን ቢጽፍ የአለነን ስምና ሞትን አንድ መስመር ላይ ሊያኖራቸው ነው። ይህ ደግሞ ማሟረት ነው። እናቱ እንዲህ ያለ ነገር ካፉ ሲወጣ አፌ ቁርጥ ይበል እንዲል ታስገድደው ነበር። እጅ ቁርጥ ይበል አይባልም እንጂ እሱ ያሰበው ይህንኑ ነው።

አባይነሽ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በዚያ በጋ ሙሉ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘች እሷ ናት። ስልክ ሲመጣ የምታነሣው፣ በር ሲንኳኳ የምትከፍተው እሷ። ሰውአገኝ በልቡ ለዚች ሴት እግዜር እንዴት ያለ ድንጋይ ልብ ሰጥቷታል እያለ አንዳንዴ ይቀናባታል፤ አንዳንዴም ይቀየማታል።

"እስቲ አንብብልኝ" አለችው። መሠረተ ትምህርት ተምራ ነበር፤ ዓይኗ ግን አሁን ጥቃቅን ፊደል አይለይላትም።

አነበበላት፤ ዛሬ ምን አስፈራህ የሚለውን።

"ዛሬ እንኳ ደህና ነኝ" አለች፣ ጥያቄው ለእሷ የቀረበ ይመስል። "የገና ለት ግን ፈርቼ ነበር። ዶሮው ሲወጣ የአለነን ብልት ለማን እንደማደርገው ጨነቀኝ። ለሌላ ብሰጠው ቀበርሁት ማለት ነው። ባስቀምጠው ደግሞ ሲበላሽ አያለሁ። ጓዳ ቆሜ አለቀስሁ፤ ለእናንተ ጭሱ ነው ብዬ ወጣሁ።"

ሰውአገኝ ደብተሩን አስቀመጠው። የገናን ዕለት ያስታውሳል። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ጭሱ ነው ስትለው አምኗት ወጡን በልቷል። ያን ጊዜ ሰፌዱን ልብ ብሎ አየ። ምስሩ ልቅም ያለ ነው፤ ድንጋይ የለበትም። አንድ ጊዜ የለቀመችውን መልሳ ትለቅማለች፤ ምናልባት ይህን ስታደርግ ወራት ሆኗታል።

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"አንተ ስትንቀጠቀጥ አይቼ ዝም አልሁ። ሁለታችንም ከተንቀጠቀጥን ቤቱን ማን ይይዘዋል?"

መጀመሪያ የእሷን መልስ ጻፈ፤ እንደ ነገረችው፣ አንዲት ቃል ሳያርም። ከዚያ በታች በራሱ ስም፣ "አለነ ሞቷል ብዬ እፈራለሁ" ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎ በሩን አየ። የመጣ የለም። ጎረቤት ቆርቆሮ ይመታል፤ አባይነሽ ምስሯን ይዛ ትጠብቀዋለች። አንብብልኝ ስትለው ድምፁ እየተቆራረጠ አነበበላት። እሷም አላለቀሰችም፤ ብቻ፣ "እኔም እንዲሁ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ከበሉ በኋላ አብረው ይቀመጣሉ፤ እሱ ያነብባል፣ ሁለቱም ይመልሳሉ፣ እሱ ይጽፋል። የሚያውቁት ሁልጊዜ አጭር ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ የለም። የሚገምቱት ግን ገጽ ይሞላል። ስልኩንም ከቁም ሣጥን አወጡት። ደብተሩ የሚፈሩትን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ በደረጃ መልመድ እንደሚያስፈልግ ይመክራል። መጀመሪያ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሲጮህ ዝም ብሎ መስማት፣ ቀጥሎ በእጅ መያዝ፣ ከዚያ ማንሣት። ሰውአገኝ አንዳንድ ቀን ይሳካለታል፤ አንዳንድ ቀን ስልኩን አልጋ ላይ ወርውሮ ወደ ጓሮ ይሸሻል። የሸሸበትንም ይጽፋል። መምህር ነውና ለራሱ ከዐሥር ነጥብ ይሰጣል፤ ከግማሽ በላይ አግኝቶ አያውቅም።

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ ቀድሟት ተመለሰ። አባይነሽ ከጎረቤት ብርጭቆ ልዋስ ብላ ወደ ኋላ ቀርታለች። ብርጭቆ ለምን እንዳስፈለጋት አልጠየቃትም። ጋቢውን ሳያወልቅ የግቢው በር ተንኳኳ። በቆርቆሮው ስንጥቅ አጮልቆ ሲያይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የእድሩ ሰብሳቢ አያ ምናለ ናቸው፤ አንዱ የንስሐ አባቱ ቄስ ኃይለ ማርያም፤ ሦስተኛውን አያውቀውም። ሁሉም ነጭ አጣፍተዋል። አያ ምናለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሰውአገኝ የበሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የአባይነሽ ዋይታ ገና ሳይነሣ ጆሮው ውስጥ ተሰማው፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ የአለነ ፎቶግራፍ ተሰቀለ። በጓሮ ዘልሎ መሄድን አሰበ፤ በር ካልከፈትሁ አልሰማሁም፣ ካልሰማሁ ልጄ በሕይወት አለ ብሎ አሰበ። ዳግመኛ ተንኳኳ። ያን ጊዜ ያ አማርኛው የሚያናድደው ጥያቄ መጣበት። በእርግጥ የማውቀው ምንድን ነው? ሦስት ሰዎች በር ላይ ቆመዋል። እሑድ ነው። ጋቢ ለብሰዋል፤ ከቅዳሴ የሚመለስ ሁሉ ነጭ ይለብሳል። እንደገና አጮለቀ። የማያውቀው ሰውዬ ጫማ ተጠርጎ ያብረቀርቃል። ይህ ሁሉ ልቡን አላሳረፈለትም፤ እንደ ወፍጮ ያለው ድምፅም አልቆመም። ብቻ የማያውቀውን እንደማያውቅ አወቀና፣ ቆርቆሮውን ተደግፎ ተነሥቶ ከፈተ።

ግቡ አላቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አላቸው፤ አልቀመጥ አሉ። የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ሲሉት መቃኑን ያዘ።

"መምህር፣ የመጣነው በልጅ ነገር ነው" አሉ አያ ምናለ።

"የትኛው ልጅ?" አለ ሰውአገኝ። ድምፁን ራሱም አላወቀውም።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ጽጌሬዳ ናታ" አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። "ልጅዎን ለልጃችን ለአስናቀው እንዲሰጡን ልንለምንዎ ነው።"

ሰውአገኝ መቃኑን እንደያዘ አለቀሰ። ሰፈሩ አይቶት የማያውቀው እንባ ነው። እንግዳው ሰውዬ፣ የአስናቀው አጎት ነበር፣ ደንግጦ ጥፋት እንዳጠፉ ጠየቀ። አያ ምናለ ግን፣ "አባት ነው፤ ሴት ልጅ መስጠት እንዲህ ነው" ብለው አጽናኑት። ሰውአገኝም አላስተባበለም። አባይነሽ ብርጭቆዎቹን ታቅፋ ስትገባ ባሏ ሲያለቅስ ሽማግሌዎቹም ቆመው አገኘቻቸው፤ ብርጭቆዎቹ እጇ ላይ ተንጫጩ። "የጽጌሬዳ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሌላ የለም" ብሎ ፈጥኖ ነገራት።

ከሄዱ በኋላ ነገሩ ወጣ። ጽጌሬዳና አስናቀው አብረው ይሠራሉ፤ ሽማግሌ እንደሚመጣ እናትና ልጅ ያውቁ ነበር። ከተነገረው ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ይሰነብታል ብለው ደበቁት። እሱም አልተቆጣም፤ ግን ከእንግዲህ ክፉም ሆነ ደግ እንዳይደብቁት አጥብቆ ነገራቸው። የደበቁት ነገር ሁሉ ለእሱ የአለነ መርዶ ነው።

የአለነ ወሬ የመጣው ጾሙ ሊፈታ ሲል ነው። ምትኩ የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ከሳንጃ ወጥቶ፣ ልጁ ደህና እንደሆነ፣ ሰሊጡን ጥሎ መምጣት አልሆንለት ብሎ እንደተቀመጠ ነገራቸው። አባይነሽ መሬት ሳመች። ሰውአገኝ ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ተኛ። በሦስተኛው ማለዳ ነቅቶ ኮቴ ሲያዳምጥ ራሱን አገኘው። ልጁ ደህና ነው፤ ታዲያ አሁን ምንድን ነው የምፈራው ብሎ ቢፈልግ አጣው። ያን ዕለት ጽጌሬዳን ጠርቶ ወደ ሐኪሙ ውሰጂኝ አላት፤ ወሰደችውም። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ ደብተሩንም አይቶ ቀጥልበት አለው።

አለነ ለእህቱ ሠርግ ደረሰ። ከስቶ፣ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ጺሙን አሳድጎ መጣ። አባቱ አቅፎት ከቆየ በኋላ፣ በየቀኑ ሞተሃል ብዬ ነበር አለው። አለነ ሊስቅ ብሎ የአባቱን ፊት አይቶ ተወው።

የሰሊጡ ወቅት ሲመለስ ልጁ እንደገና ሳንጃ ወረደ፤ ነጋዴ ነውና ቅር ቢላቸውም አልከለከሉትም። ሰውአገኝ አሁንም ሰማዩ ሲገረጣ ይነቃል። አንዳንድ ቀን ራሱ ተነሥቶ የግቢውን በር ይከፍታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ብርድ ልብሱን ይዞ ሲንቀጠቀጥ አባይነሽ ትነቃና ጎኑ ቁጭ ብላ፣ የምታውቀውን ብቻ ንገረኝ ትለዋለች፤ እሱም እየተንተባተበ መናገር ይጀምራል።